ሬሳው ያልተገኘ ሰው

ጆን ስኖው የሞተው ሰኔ 7 ቀን 2007 ዓ.ም. ነው። ኤችቢኦ የተባለው የአሜሪካ ጣቢያ ያሳየው የነበረው «ጌም ኦፍ ትሮንስ» አምስተኛውን ሲዝን ሲዘጋ፣ የገዛ ጓዶቹ ተራ በተራ በጩቤ ወግተው በረዶ ላይ ጥለውት ሄዱ። ከዚያ ወዲያ ተዋናዩም አዘጋጆቹም «ሞቷል፤ አይመለስም» ሲሉ ከረሙ። ስድስተኛው ሲዝን ሚያዝያ 16 ቀን 2008 ሲጀምር ሬሳው ጠረጴዛ ላይ ተጋድሞ ታየ፤ ክፍሉ አለቀ፣ እሱ ግን እንደተጋደመ ቀረ። በሚቀጥለው እሑድ፣ ሚያዝያ 23፣ ቀይ ለባሿ ጠንቋይ ገላውን አጥባ ያለ ብዙ ተስፋ ደገመችበት። ተመልካቹ ተስፋ ሊቆርጥ ሲል ዓይኑን ገለጠ።

የዚያን ዓመት ቀን መቁጠሪያ ያልጣለ ሰው እዚህ ላይ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። የ2008 ሆሳዕና የዋለው ሚያዝያ 16 ሲሆን ፋሲካው ሚያዝያ 23 ነበር። የድራማው ጸሐፊዎች ባሕረ ሐሳብ ተምረው አይደለም፤ የእነርሱ ፋሲካ ካለፈ ወር አልፎት ነበር። እንዲያው ገጠመ። ኒው ዮርክ ላይ እሑድ ማታ ሲታይ ቦሌ ላይ ለሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው። ሁለት ወር የጾመው ሕዝብ ዶሮውን በልቶ ከባድ እንቅልፍ ላይ ሳለ፣ ነቅተው የጠበቁት ጥቂት ወጣቶች በሁለት ሌሊት ውስጥ ለሁለተኛ ጊዜ «ተነሳ!» ለማለት በቁ።

2008 ለምሥራቅ አዲስ አበባ የብዙ ነገር ዓመት ነበር። በጥቅምት መጨረሻ ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች የተዘረጋው ቀላል ባቡር ሥራ ጀመረ። በመጋቢት መጨረሻ ደግሞ ቃና ቴሌቪዥን የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ እያናገረ ብቅ አለ። ባቡሩ በኋላ ያስፈልገናል። አስቀድመን የሬሳውን ነገር እንጨርስ።

በድራማ ዓለም የሞተን ሰው የመመለሻ መንገዱ ያን ያህል ብዙ አይደለም። በጣም ርካሹ «ሕልም ነበር» ማለት ነው። «ዳላስ» የተባለው ታዋቂ የአሜሪካ ድራማ እ.ኤ.አ. በ1985 ቦቢ ኢዊንግ የሚባለውን ሰው ገደለው። ተዋናዩ ሥራውን ሊለቅ ፈልጎ ነበር። ዓመት አልቆየም፤ የተመልካቹ ቁጥር ማሽቆልቆል ጀመረ፣ ተዋናዩም ተለመነ። በ1986 የቀድሞ ሚስቱ ከእንቅልፏ ስትነቃ ቦቢ ሻወር እየወሰደ ተገኘ። በመሐል የታየው የአንድ ዓመት ድራማ በሙሉ፣ ፍቅሩም ክህደቱም ሰርጉም፣ የእርሷ ሕልም ሆኖ ቀረ። በእኔ ግምት ይህ ተመልካችን መስደብ ነው። ያን ሁሉ ማታ ቁጭ ብሎ ያየ ሰው ጊዜውን ለማን አዋለ?

ሁለተኛው መንገድ አስማት ነው፤ አስማት ግን ዋጋ ካልተከፈለበት ታሪኩን ያረክሰዋል። ሞት ካልጎዳ ማንም ለማንም አይጨነቅም። ስለዚህ ጎበዝ ጸሐፊ ሁልጊዜ የሚያስከፍለው ነገር አለው። በዚያው በ«ጌም ኦፍ ትሮንስ» ውስጥ ቤሪክ ዶንዳሪየን የሚባል ተዋጊ አለ፤ እየሞተ እየተነሳ ስድስት ጊዜ ደርሷል፤ በተነሳ ቁጥር ግን ከራሱ ትንሽ ትንሽ እየጎደለ፣ ጠባሳው እየበዛ ይሄዳል። «በፊ» በተባለው ድራማ ደግሞ ጀግናዋ ከሞት ስትመለስ ጓደኞቿ ከሲኦል ያወጧት መስሏቸው ይፈነጥዛሉ። እርሷ ግን የነበረችው ገነት ነው። ወደዚህ ዓለም ጎትተው ስላመጧት ለወራት ትቀየማቸዋለች።

ይህን ሳይ የሚታወሰኝ ገድለ ላሊበላ ነው። ገድሉ እንደሚለው ላሊበላ መርዝ ጠጥቶ ሦስት ቀን እንደ ሞተ ሰው ወድቆ ሳለ መላእክት ወደ ሰማይ ወስደው ከአለት የሚፈለፈሉትን አብያተ ክርስቲያናት አሳዩት፤ ከዚያ ተመልሶ ሠራቸው። መመለሱ ዋጋ አለው፣ ዋጋውም ሥራ ነው። እግረ መንገዱን የዚህ ሰው ስም ራሱ ቅጽል ስም ይመስላል። ሲወለድ ንብ ሰፍሮበት እናቱ «ንቦቹ ንግሥናውን ዐወቁለት» ብላ አወጣችለት ይባላል። ያልተለመደ ስምና ከሞት መመለስ በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ የመጀመሪያው «ሲዝን» ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ሦስተኛው መንገድ ከሁሉም የጠነከረ ነው፤ አስማትም ሕልምም አይፈልግም። ሬሳውን አለማሳየት ብቻ ነው። አርተር ኮናን ዶይል ሼርሎክ ሆምስን እ.ኤ.አ. በ1893 ከስዊዘርላንድ ፏፏቴ ሲጥለው ሬሳው አልተገኘም። ደራሲው ከዚህ ገጸ ባሕርይ ለመገላገል ቆርጦ ነበር፤ አንባቢው ግን አልተቀበለውም። በ1903 ሆምስ «አልወደቅሁም» ብሎ ተመለሰ። ሬሳው ከፏፏቴው ሥር ተለቅሞ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ ዶይል ምን ይጽፍ ነበር?

*

ይህን ዘዴ ግን ልብ ወለድ ጸሐፊዎች አልፈጠሩትም። የእኛው ታሪክ ከዶይል ሦስት መቶ ዓመት ገደማ ቀድሞ በሰው ሕይወት ተጫውቶታል።

ዐፄ ያዕቆብ የዐፄ ሠርጸ ድንግል ልጅ ነው። አባቱ ሲሞት ገና ሕፃን ሳለ አነገሡት፤ አድጎ በራሱ ሊገዛ ሲል አውርደው ወደ እናርያ አጋዙት፤ በእርሱ ቦታ የነገሠው ዘድንግል በጦርነት ሲገደል ደግሞ መልሰው አመጡት። እስካሁን ያለው ብቻ አንድ ጊዜ ሞቶ የተነሳ ያህል ነው። በዚህ መሐል ሱስንዮስ ዙፋኑን ፈለገ። እ.ኤ.አ. በ1607 ጎጃም ውስጥ ጎል ላይ ተጋጠሙ። ያዕቆብ ወደቀ፤ ጳጳሱ አቡነ ጴጥሮስም በዚያው ጦር ሜዳ ሞቱ። የጳጳሱ ነገር ታወቀ። የንጉሡ ሬሳ ግን አልተገኘም።

ከዚህ በኋላ ያለው ለድራማ ጸሐፊ ትምህርት ቤት ነው። ብዙ ሳይቆይ በሰሜን፣ በደብረ ቢዘን ገዳም በኩል፣ «ያዕቆብ እኔ ነኝ» የሚል ሰው ተነሳ። ፊቱን በጨርቅ ሸፍኗል። ለምን ቢሉት ጎል ላይ ፊቱንና ጥርሱን ክፉኛ ስለ ቆሰለ መልኩ እንዳይታይ ነው። አስቡት፤ የሚያውቁት ሰዎች መጥተው «ይህ ያዕቆብ አይደለም» እንዳይሉት ማስረጃውንና መሸፈኛውን በአንድ ጨርቅ አገኘ። ቁስሉ የጦርነቱ ምስክር ነው፤ ጨርቁ ደግሞ ምስክሩ እንዳይመረመር ይከለክላል። ዛሬ የፋንታሲ ድራማ ጸሐፊ ለአንድ ገጸ ባሕርይ ጭምብል ሲያለብስ ከዚህ የተሻለ ምክንያት ሲሰጥ አላየሁም።

ሰውም ተከተለው። የሱስንዮስ ወንድም፣ የትግራይ ገዢ የነበረው ሥዕለ ክርስቶስ፣ ደጋፊዎቹን ደጋግሞ ቢያሸንፍም እርሱ ራሱ እያመለጠ ወደ ሐማሴን ተራሮች ገባ። ሱስንዮስ አክሱም ሄዶ በይፋ ዘውድ ሲጭን ያ ባለ ጨርቅ ሰው ገና በሕይወት ነበር። የአክሱም ንግሥ ታላቅ ሥርዓት ነው፤ ለዙፋኑ ግን አንድ የሞተ ሰው እየተፎካከረው ስለሆነ መቸኮሉ አይደንቅም። በመጨረሻ አስመሳዩ ተገድሎ ራሱ ለንጉሡ ተላከ። ጨርቁ ሲነሳ ፊቱ ላይ አንድም ጠባሳ አልነበረም።

ተከታዮቹ ሞኞች ነበሩ ማለት ይቀላል። እኔ አልልም። በአዲሱ ንጉሥ ያልተደሰተ ሰው «እቃወማለሁ» ከማለት ይልቅ «የድሮው ንጉሥ አልሞተም» ማለት ይቀናዋል፤ ከሃዲ ሳይሆን ታማኝ ሆኖ ያምፃል። ጨርቁን ገልጦ ማየት የፈለገም ብዙ አልነበረ ይሆናል።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ቦሌ መምጣት ይቻላል፤ እዚህም ሬሳው ያልታየ ንጉሥ አለና። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ በ1950ዎቹ የተሠራው የልደታው ሜዳ ለጄት ስለማይበቃ ነው፤ ስሙም «ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ» ነበር። አብዮቱ ሲመጣ ስሙ ወረደ። ንጉሠ ነገሥቱ ነሐሴ 21 ቀን 1967 መሞታቸውን ደርግ ሲናገር «በሕመም» አለ፤ የት እንደተቀበሩ ግን አልተናገረም። አስከሬናቸው በቤተ መንግሥቱ ግቢ ውስጥ ተቀብሮ የተገኘው በ1984 ነው፤ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል የተቀበሩት ደግሞ በጥቅምት 1993። ከ1967 እስከ 1984 ድረስ ሬሳ የለም። በዚያ መሐል፣ በጃማይካም በሻሸመኔም፣ ራስተፈሪያን «አልሞቱም» ብለው ጸኑ፤ ቦብ ማርሊ የሞታቸው ዜና በተሰማበት በዚያው ዓመት በዜማ መልሶ ሞግቷል። ሃይማኖታዊ እምነትን ከድራማ ጋር አንድ ማድረጌ አይደለም። መንግሥት ሬሳ ሲደብቅ የሚሆነውን ማለቴ ነው፤ ደርግ ንጉሡን ለመጨረስ ሲል የሞታቸውን ማስረጃ ራሱ ቀበረው።

*

እስካሁን ስለ ሰው ነው። ስም ግን ሬሳ የለውም። ለዚህ ይመስለኛል ከሰው ይልቅ ቀሎት ከሞት የሚመለሰው።

ድሮ ታላላቅ ተዋጊዎች ከክርስትና ስማቸው ሌላ የፈረስ ስም ነበራቸው። ፈረሱ ስም ይወጣለታል፤ ጌታው «አባ» ተጨምሮለት በፈረሱ ስም ይጠራል፤ በፉከራና በግጥም የሚወሳውም በዚሁ ነው። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ አሉላ አባ ነጋ፣ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ፣ ባልቻ አባ ነፍሶ፣ ኃይለ ሥላሴ አባ ጠቅል፣ በላይ ዘለቀ አባ ኮስትር። ልማዱ የአማራና የትግራይ ብቻ አይደለም፤ የኦሮሞ ነገሥታት፣ የሊሙው አባ ባጊቦና የጅማው አባ ጅፋር፣ የሚታወቁት በዚሁ ነው። አባ ጅፋርን በመጀመሪያ ስማቸው ጠርቶ ማን ያውቃቸዋል?

ከነዚህ ፈረሶች አንዱ በጣም ሩቅ ሄዷል። የራስ መኮንን ፈረስ ቃኘው ይባላል። ራስ መኮንን በ1898 ዓ.ም. ዐረፉ፤ ፈረሱም የፈረስ ዕድሜ ነው ያለው። በ1943 ግን ልጃቸው ንጉሠ ነገሥት ሆነው ወደ ኮሪያ ጦር ሲልኩ የሻለቃው ስም ቃኘው ሆነ። ሙት ፈረስ በመርከብ ተሳፍሮ የኮሪያን ተራራ ወጣ ማለት ነው። በዚያው ሳያበቃ አስመራ ላይ የነበረው የአሜሪካኖች የሬዲዮ ጣቢያም «ቃኘው ስቴሽን» ተባለ፤ የሐረር ፈረስ የቀዝቃዛውን ጦርነት ሬዲዮ ያዳምጥ ጀመር። ጣቢያው በ1969 ተዘጋ። ከኮሪያ ጋር የተጀመረው ወዳጅነት ግን ቀጥሎ፣ ዛሬ ገርጂ ላይ አንድ የኮሪያ ቤተ ክርስቲያን ያቆመው ሆስፒታል አለ። በር ላይ የተጻፈው ስሙ ረጅም ነው፤ ታክሲ የሚይዝ ሰው ግን «ኮሪያ ሆስፒታል» ብሎ ይገባል።

እዚያው ገርጂ ታክሲ ጥበቃ የቆመ ሰው ደግሞ የፈረሱ ስም ልማድ ተገልብጦ ያገኘዋል። ድሮ ሰው በፈረሱ ስም ይጠራ ነበር፤ ዛሬ መኪናው በሰው ስም ይጠራል። ሰፋ ያለውን የቶዮታ ሚኒባስ አሽከርካሪውም ተሳፋሪውም «አባዱላ» ይለዋል። አባዱላ ገመዳ የኦሮሚያ ክልል ፕሬዚዳንት፣ በኋላም የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤ የነበሩት ናቸው፤ «አባ ዱላ» ራሱ በገዳ ሥርዓት የጦር መሪ ማዕረግ ነው። ማዕረጉ የሰው ስም ሆነ፤ የሰው ስም የመኪና ስም ሆነ። ባለሥልጣኑ ከወንበራቸው ከተነሱ ቆይተዋል፤ ሚኒባሱ ግን ከመገናኛ ሰው እየጫነ ነው።

የአዲስ አበባ የመኪና ስሞች ብቻቸውን አንድ መጽሐፍ ይወጣቸዋል፤ እዚህ ግን ፖለቲካ ያዘሉትን ብቻ ላንሳ። ተሳፋሪዎች ከኋላ ፊት ለፊት ተያይተው የሚቀመጡበት የድሮ ታክሲ «ውይይት» ተባለ። ወቅቱ አብዮት ነበር፤ ቀበሌው፣ መሥሪያ ቤቱ፣ ትምህርት ቤቱ ሁሉ ውይይት ላይ ነው። ሰው ጉልበት ለጉልበት ተነካክቶ በግድ ፊት ለፊት ሲቀመጥ «እኛም ውይይት ላይ ነን» አለ። ታክሲዎቹ እያረጁ ከመንገድ ወጡ፤ ስሙ የዚያን ዘመን ቀልድ ይዞ ቀረ። ጭነት መኪናውን ደግሞ ከተማው ይበልጥ ከበድ አድርጎ ሰይሞታል፤ አይሱዙው «አልቃይዳ»፣ ሲኖትራኩ «ቀይ ሽብር»። ይህ ሳቅ አይደለም። በመንገድ አደጋ ለሚሞተው ሰው የትራፊክ ሪፖርት ቁጥር ያወጣል፤ ሕዝቡ ግን ስም አወጣ። ቀይ ሽብር በ1970 አካባቢ ልጆቹን የወሰደበት ቤተሰብ ባለበት ከተማ ይህን ስም ለመኪና መስጠት ቀላል ነገር አይደለም፤ አንዳንዴ ሲጠራ ስሰማ ይከብደኛል። ስሙ በመጣበት መንገድ ግን መኪናው የሚያደርሰውን ነገር በትክክል ይናገራል።

ተዋንያንም ከዚህ አያመልጡም። አበበ ባልቻ የሕግ ባለሙያ ነው። «ሰው ለሰው» ላይ አስናቀን ከተጫወተ በኋላ ግን በመንገድ የሚያየው ሰው «አስናቀ!» ማለት ጀመረ። ድራማው ካለቀ ዓመታት ተቆጥረዋል። ገጸ ባሕርዩ ተዋናዩን ለብሶ ከተማ ውስጥ ይዞራል፤ የክፉ ሰው ስም ሆኖም በፍቅር ነው የሚጠራው።

*

አሁን ወደ ባቡሩ። መስመሩ በሁለት አቅጣጫ 34 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የምሥራቁ ክፍል ግን የስሞች መቃብርም ትንሣኤም ነው። መንግሥት በባቡር ጣቢያ ላይ ስም ሲጽፍ የፈለገውን መጻፍ ይችል ነበር። የጻፈው ሕዝቡ ሲጠራው የኖረውን ነው።

ከአያት እንጀምር። አያት ቤት የሚሠራ ኩባንያ ስም ነው፤ አሁን ግን ሰፈሩን አያት የሚሉት አብዛኞቹ በዚያ ኩባንያ ቤት ውስጥ አይኖሩም። ወረድ ሲል ሲኤምሲ። ራቬና በተባለች የጣሊያን ከተማ እ.ኤ.አ. በ1901 ግንበኞችና የሲሚንቶ ሠራተኞች ተሰባስበው ያቋቋሙት የኅብረት ሥራ ኩባንያ «ኩፔራቲቫ ሙራቶሪ ኤ ቼሜንቲስቲ» ይባላል። ኩባንያው አዲስ አበባ ላይ ሠርቶ ሄደ፤ ሦስቱ ፊደላት ግን ቀርተው የሰፈር ስም፣ ከዚያ የባቡር ጣቢያ ስም ሆኑ። የራቬና ግንበኞች ማኅበራቸው በምሥራቅ አፍሪካ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ጣቢያ እንዳለው ቢነገራቸው ደስ ይላቸው ይሆናል።

ጉርድ ሾላ ላይ ደግሞ ዛፉ ተቆርጧል፤ ስሙ ራሱ ይናገራል። የተቆረጠ ዛፍ ሁለት ጣቢያ ደርሶታል፤ ጉርድ ሾላ አንድና ጉርድ ሾላ ሁለት። ቆሞ ቢሆን አንድ እንኳ ያገኝ ነበር? ከመገናኛ በታች ሃያ ሁለትም እንዲሁ ሁለት ጣቢያ ያዘ፤ ቁጥር ስም ሲሆን ምን እንደሚቆጥር መጠየቅ ይቀራል። ወደ ከተማው ጠጋ ሲል ባምቢስ አለ። ባምቢስ ግሪኮች ሐራላምቦስ የሚባለውን ሰው ሲያቆላምጡ የሚጠሩበት ስም ነው። አንድ ሱፐርማርኬት በዚህ ስም ነበር፤ እናም የቁልምጫ ስም በብረት ሰሌዳ ላይ ተጽፎ የመንግሥት ሆነ።

ከነዚህ ጣቢያዎች የሃያ ሁለቶቹ የቆሙበት ጎዳና ግን በይፋ ሌላ ስም አለው። ድሮ አስመራ መንገድ ይባል ነበር። ኋላ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ጎዳና ተባለ፤ ኃይሌ ስሙ ሊወጣለት የሚገባ ሰው ነው፣ ለዚያ ክርክር የለም። ቢሆንም በዚህ ጎዳና ቀጠሮ የያዘ ሰው «ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ጎዳና እንገናኝ» አይልም። «ሃያ ሁለት ጎላጉል» ይላል። ከመስቀል አደባባይ እስከ አውሮፕላን ማረፊያው ያለው መንገድም አፍሪካ ጎዳና ነው፤ የሚጠራው ግን ቦሌ መንገድ ተብሎ ነው። መስቀል አደባባይ ራሱ በደርግ ዘመን አብዮት አደባባይ ተብሎ ነበር፤ በ1983 መንግሥቱ ሲወድቅ የቀድሞ ስሙ ተመለሰ። ያኔ ማንም እንደ አዲስ ስም መማር አላስፈለገውም። 

ከሁሉም የሚገርመኝ ቺቺንያ ነው። ሃያ ሁለትና አትላስ መካከል ያለው፣ ማታ ማታ የሚደምቀው ሰፈር። ሩሲያ በታኅሣሥ 1987 ቺቺንያ ላይ ጦር ስታዘምት ዜናው በየቴሌቪዥኑ ነበር፤ የፈረሱ ፎቆች፣ ጭስ፣ ተኩስ። አዲስ አበቤም ጠርሙስ የሚወረወርበትን፣ ሌሊት ሰው የሚደባደብበትን መንገድ አይቶ ስም አገኘለት። በሩቅ ያለው ጦርነት አለቀ፤ ዋና ከተማዋ ግሮዝኒ እንደገና ተሠራች። እዚህ ያለው ቺቺንያ ግን ጦርነቱን የማያውቁ፣ ያኔ ያልተወለዱ ወጣቶች ጥብስ የሚበሉበት ቦታ ነው። ስሙ ተመልሷል፤ የተመለሰው ግን ያው ነገር አይደለም። ቤሪክ ዶንዳሪየን በተነሳ ቁጥር እንደሚጎድለው፣ ስምም ከሞት ሲነሳ ይጎድለዋል፤ እዚህ የጎደለው ደሙ ነው፣ ጥሩ ነው።

ካዛንቺስም እንዲሁ። ጣሊያን በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ቤት የሚሠራ ተቋም ነበረው፤ የተቋሙ ምሕፃረ ቃል ከጣሊያንኛው «ቤቶች» ጋር ተጣብቆ ካዛንቺስ ሆነ። በ2017 መጀመሪያ የኮሪደር ልማቱ ሲመጣ አብዛኛው ሰፈር ፈርሷል፤ ነዋሪዎቹ ወደ ዳር ሰፈሮች ተበትነዋል። አሁን ሄደው ቢጠይቁ «የካዛንቺስ ልጅ ነኝ» ይሉዎታል። ቤቱ የለም፣ ጣሊያን የለም፣ ተቋሙ የለም፤ የካዛንቺስ ልጅ ግን አለ።

*

ታዲያ አንዱን ስም ከሌላው ለይቶ የሚያተርፈው ምንድን ነው? ለምን ቺቺንያ ተነሳ፣ አብዮት አደባባይ አልተነሳም? የእኔ መልስ ከታሪክ ምሁራን ይልቅ ከወያላ ጋር የሚሄድ ነው።

ስም በዚህ ከተማ የሚፈተነው በሚኒባስ በር ላይ ነው። ረዳቱ ግማሽ አካሉን ወደ ውጭ አውጥቶ፣ መኪናው ሙሉ በሙሉ ሳይቆም፣ አንድ ትንፋሽ ውስጥ ሦስት ጊዜ ሊጠራው ይገባል። «ቦሌ ቦሌ ቦሌ!» ይሆናል። «መገናኛ በሃያ ሁለት!» ይሆናል። «አያት ሰሚት!» ይሆናል። «ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ጎዳና» ሲባል ግን ቀጣዩ ታክሲ ተሳፋሪውን ወስዶበታል። አንድ ስም ከዚህ በር ከወደቀ የማዘጋጃ ቤት ሰሌዳ አያድነውም፤ ይህን በር ካለፈ ደግሞ ኩባንያው ቢከስር፣ ዛፉ ቢቆረጥ፣ ጦርነቱ ቢያልቅ ምንም አይሆንም። የድራማው ተመልካች ቦቢ ኢዊንግን ያስመለሰው ባለማየት ነው፤ የአዲስ አበባ ተሳፋሪ ስምን የሚያስመልሰው በመሳፈር ነው።

አዳዲሶቹ ሰፈሮች አሁን በዚህ ፈተና ላይ ናቸው። ኮንዶሚኒየም ሲሠራ ሳይቱ ቁጥርና የፕሮጀክት ስም ይዞ ይመጣል፤ ሰው ከገባበት በኋላ ግን «ሰሚት ሰባ ሁለት»፣ «ሰሚት ፍየል ቤት» ይሆናል። የትኛውም የከተማ ፕላን ባለሙያ ፍየል ቤት ብሎ ካርታ ላይ አይጽፍም ነበር፤ ዛሬ ግን ዕቃ የሚያደርስ ሞተረኛ ያለዚያ ስም ቤትዎን አያገኘውም።

ከቦሌና ከየካ ተከፍሎ በ2013 የተቋቋመው ክፍለ ከተማ ለሚ ኩራ ይባላል። አያትንም ሰሚትንም ሲኤምሲንም በውስጡ ይዟል። ስሙ አጭር ነው፣ ለጩኸት ይመቻል፤ ከብዙ መንግሥታዊ ስሞች የተሻለ ዕድል አለው ብዬ አምናለሁ። የቸገረው ግን በውስጡ ያሉት ሁሉ ቀድመውት የመኪና በር ላይ መሰለፋቸው ነው። ክፍለ ከተማው የሚመክረው ሰው ካለ፣ ሰሌዳ ማብዛቱን ትቶ አንድ የታክሲ መጨረሻ ፌርማታ በዚያ ስም ያስከፍት።